«ኦሪጅናል ነው» ከማለታችን በፊት

ቀደም ሲል ያስተማርናት አንዲት እህታችን በቅርቡ ዲላ ላይ አግኝታን ጥያቄ አቀረበችልን። ከመርካቶ የሴት ቦርሳ እያስመጣች በቴሌግራም ትሸጣለች። በቦርሳዎቹ ላይ «ሻኔል»፣ «ሉዊ ቪቶን» የሚሉ ስሞች አሉ። ያስረከባት ነጋዴ «ኦሪጅናል ነው» ብሏታል፤ እሷም ይህንኑ ጽፋ ትለጥፋለች። «ኡስታዝ፣ እኔ የነገሩኝን ነው የምናገረው፤ ወንጀሉ በማን ላይ ነው?» አለችን።

ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ ወደዚህ ገጽ አመጣነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ውስጡ እርጥብ ነበር። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸው ግን ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ዝናቡን ያመጣው ሰውዬው አልነበረም፤ የተጠየቀው ስለ ዝምታው ነው። «ነጋዴው ነው የነገረኝ» ማለትም ከዚህ ተጠያቂነት አያድንም።

እኛ በጌዴኦ የምንኖር ደግሞ የስምን ዋጋ ከቡናችን ተምረናል። የሌላ አካባቢ ቡና «ይርጋጨፌ» ተብሎ ቢሸጥ የሚጎዳው ገበሬያችን ነው። አገራችን የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተነሳችው ለዚሁ ነው፤ ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረው ክርክርም በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያልፍ ቡናም በአቅራቢው ቃል ብቻ ደረጃ አያገኝም፤ ናሙና ይወሰዳል፣ እንከኑ ይታያል፣ ተቆልቶ ይቀመሳል።

የራሳችን ስም ሲነካ የምንቆጣ ከሆነ የሌላውን ስም እንዴት እንሸጣለን? የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ዑለሞች እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ተሰብስበው የንግድ ስምና ምልክት የባለቤታቸው ሐቅ እንደሆኑ፣ ሐቁን መጣስም እንደማይፈቀድ ወስነዋል። ስለዚህ «ኮፒ ነው» ብሎ መናገር ገዢውን ከመታለል ቢያድነውም የባለ ምልክቱን ሐቅ አይመልስም።

ታዲያ እንዴት እናረጋግጥ? በመጀመሪያ ምንጩን እንጠይቅ። ሉዊ ቪቶን አዲስ ቦርሳ የሚሸጠው በራሱ መደብሮችና በራሱ ድረ ገጽ ነው፤ ከጅምላ ሻጭ በደርዘን የሚመጣ «ሉዊ ቪቶን» ገና ሳይፈታ መልሱን ይዟል። ቀጥሎ ዋጋውን እናመዛዝን፤ በውጭ አገር በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ቦርሳ እዚህ በጥቂት ሺህ ብር ሲቀርብ መጠራጠር ይገባል። ያገለገለ ከሆነ ስፌቱ እኩል መሆኑን፣ ዚፑንና የታተመውን ጽሑፍ እንመርምር። ሻኔል በውስጥ ይለጥፈው የነበረውን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2021 ቺፕ ባለው የብረት ሰሌዳ ተክቶታል። ይሁንና ቁጥሩም ካርዱም በሐሰት ስለሚሠሩ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ይህን ሁሉ አድርገን ጥርጣሬው ካልተወገደ «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል አንጻፍ፤ ዕቃውንም አንሽጥ።

እህታችንን የመከርናት ይህንኑ ነው። የማንንም ስም ያልሰረቀ፣ በአገራችን ቆዳ የተሠራ ቦርሳ መሸጥ ትችላለች። ትርፉ ቢያንስም በረካው ይበልጣል። ለተታለሉት ደንበኞቿስ? ገንዘባቸውን ለመመለስ ዝርዝራቸውን ይዛ ሄዳለች።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።