ቀንን የሚያስከብረው ሥራ ነው

እግዚአብሔር የፈጠረው ቀን ሁሉ ትክክል ነው። ፀሐይ በመስከረም እንደምትወጣ በግንቦትም ትወጣለች፤ ዶሮም በበዓል ቀን እንደሚጮኽ በሥራ ቀን ይጮኻል። ነገር ግን ሰው አንዱን ቀን በደስታ ያከብረዋል፥ ሁለተኛውን በሐዘን ያስበዋል፥ ሦስተኛውን ፈጽሞ ይረሳዋል። ይህ ልዩነት ከቀኑ የመጣ አይደለም፤ በቀኑ ከተሠራው ሥራ የመጣ ነው እንጂ።

የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወሮች አሉት። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ዐሥራ ሦስተኛይቱ ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ግን፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፥ 6 ቀን ትሆናለች። የወሩም ቀኖች በቍጥር ብቻ አይጠሩም፥ ስም አላቸው። 12ኛው ቀን ሚካኤል፥ 21ኛው ማርያም፥ 23ኛው ጊዮርጊስ፥ 27ኛው መድኃኔ ዓለም ይባላል። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ልጅዋ የተወለደበትን ቀን አትስተውም ነበር። «በሰኔ ሚካኤል፥ ገበሬው ለዘር ሲወጣ ተወለድህ» ብላ ትነግረው ነበር። ዓመቱን ብትረሳ የቅዱሱን ስም አትረሳም። ልጁም ብዙ ጊዜ ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ጊዮርጊስ ተብሎ በተወለደበት ቀን ስም ይጠራ ነበር።

በቤተ ክርስቲያንም ስንክሳር የሚባል መጽሐፍ አለ። ይህ መጽሐፍ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለየዕለቱ የተመደበ ንባብ አለው፤ በዚያ ዕለት የሚታሰቡት ቅዱሳን ታሪካቸው ይነበብበታል። የጌታችን ልደት በታኅሣሥ፥ የእመቤታችን ልደት ግንቦት 1 ቀን፥ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ሰኔ 30 ቀን ይከበራል። ከሌሎቹ ቅዱሳን ግን የብዙዎቹ መታሰቢያ የተወለዱበት ቀን ሳይሆን ያረፉበት ቀን ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ሰው በተወለደበት ቀን ገና ምንም አልሠራም፤ ባረፈ ጊዜ ግን ሥራው ሁሉ ተፈጽሞ ይታያል።

ይህም ነገር በኢትዮጵያ ታሪክ በሦስት ቍጥሮች፥ በ12፥ በ23 እና በ27፥ ተገልጦ ይታያል።

ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓመተ ምሕረት በሸዋ በአንጎለላ አንድ ሕፃን ተወለደ። አባቱ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፥ እናቱም እጅጋየሁ ይባሉ ነበር። ይህ ሕፃን በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የተባሉት ንጉሠ ነገሥት ናቸው። በዚያ ዕለት ግን ሕፃኑ ለአገሩ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው አልነበረም። ምኒልክ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው በ1848 ዓመተ ምሕረት ሞቱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሸዋን ይዘው ልጁን ወሰዱአቸው። እስከ 1857 ዓመተ ምሕረት፥ ከመቅደላ አምልጠው አገራቸው እስኪገቡ ድረስ፥ በግዞት ኖሩ። በመቅደላ ተረስተው ቢቀሩ ኖሮ ነሐሴ 12ን ከእናታቸው በቀር የሚያስታውሰው ባልኖረም ነበር።

ያን ልደት ያስታወቀው ሌላ ቀን ነው፤ እርሱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት በውጫሌ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተደርጎ ነበር። በውሉ በ17ኛው ክፍል የአማርኛው ጽሑፍ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቢፈልጉ ከሌሎች ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ይናገራል። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን፥ ቢፈልጉም ባይፈልጉም በኢጣልያ በኩል እንዲያደርጉት ያስገድዳቸው ነበር። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቃል ነው፤ የአገር ነጻነት ግን በዚህ ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ምኒልክም ተንኰሉን ባወቁ ጊዜ ውሉን አፈረሱ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ጦርነት ደረሰ።

ያ የካቲት 23 እሑድ ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ዕለት ነበር። ጦርነቱ ገና ሲነጋ በዐድዋ ተራሮች ተጀመረ፤ በዚያው ቀንም የኢጣልያ ጦር ድል ሆነ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ሸሸ፥ ጄኔራል አልቤርቶኔ ተማረከ። ከኢትዮጵያውያንም እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያሉ ጀግኖች በዚያ ወደቁ። ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ሺህ ገበሬዎችም ለአገራቸው ሞቱ። ሴቶች በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ ለሚዋጉትና ለቈሰሉት በእንስራ ውሃ ያመላልሱ ነበር። ይህን ቀን ያስከበረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጎራዴ የመዘዘውም፥ ውሃ የተሸከመችውም ቀኑን አብረው ሠሩት።

ከዚህ በኋላ በሌላ ጊዮርጊስ፥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። የዘውዱ ቀንና የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ሐምሌ 16 ቀን ብዙ ዘመን በአገሩ ሁሉ በዓል ሆነው ሲከበሩ ኖሩ። በ1967 ዓመተ ምሕረት መንግሥታቸው ባለፈ ጊዜ ግን ሁለቱም በዓላት አብረው ቀሩ። የካቲት 23 ግን መንግሥት ሲለወጥ አልተለወጠም፤ እስከ ዛሬ ይከበራል። በዓዋጅ የተተከለ በዓል ዐዋጁን ካወጣው ጋር ያልፋል፤ ሕዝብ በደሙ የሠራው ቀን ግን ከሕዝቡ ጋር ይኖራል።

ወደ 12 ቍጥር እንመለስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ነበር። ለጣልያን ንጉሥ የልጅ ልጅ ተወልዶለት ነበርና፥ ገዢው ግራዚያኒ ስለ ሕፃኑ ልደት ደስታ ለድኾች ገንዘብ ለመስጠት በገነተ ልዑል ግቢ ሕዝብ ሰበሰበ። በዚያ ሁለት ጐበዛዝት፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፥ ቦምብ ጣሉበት፤ ግራዚያኒም ቈሰለ። ጣልያኖችም ተቈጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ያገኙትን ሰው ሁሉ ገደሉ። ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ድኻ በዚያው በግቢው ውስጥ ተገደለ፤ ቤቶችም ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የሞቱትም ብዙ ሺህ ናቸው። ሄሮድስ ልደቱን ባከበረ ቀን የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት እንደ ቀረበ፥ እንዲሁ የአንድ መስፍን ልደት ለአዲስ አበባ የልቅሶ ቀን ሆነ። ስለዚህ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎ በመታሰቢያው ሐውልት ዘንድ የሞቱት ሰማዕታት ይታሰባሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንደ ተባለ፥ ይህ ቀን የሚረሳ አይደለም።

ሦስተኛው ቍጥር 27 ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ማርሻል ባዶልዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ያ ቀን የውርደት ቀን ነበር። ነገር ግን አርበኞች በየዱሩና በየገደሉ መዋጋትን አልተዉም። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ከሱዳን ተሻግረው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያም ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፥ አዲስ አበባ ገቡ። አንዱ ቀን፥ ያው መድኃኔ ዓለም፥ ፊት ያስለቀሰውን ሕዝብ አሁን እልል አሰኘው።

በዚያ ዕለት ግን አንድ ከባድ ነገር ነበረ። አባቱና ወንድሙ የካቲት 12 የተገደሉበት ሰው በሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር፤ ብዙ ሺህ ጣልያኖችም፥ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፥ በከተማው ውስጥ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አስጠነቀቁ። ጠላት ያደረገውን ግፍ እንዳያደርግ፥ የኢትዮጵያንም ስም እንዳያጐድፍ ለመኑት። ያ ሰው በቀሉን ቢወጣ ኖሮ ሚያዝያ 27 ሁለተኛ የካቲት 12 በሆነ ነበር፤ የደስታውም በዓል በንጹሓን ደም በተበላሸ ነበር። የተበደለውን አልረሳም፥ እጁን ግን ሰበሰበ። ይህ ዝምታ ከብዙ ጥይት የበለጠ ያን ቀን አስከበረው።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛ፥ የታወቁትን ቀኖች ከነዓመታቸው በልባችሁ ያዙ፤ አባቶቻችሁ የከፈሉትን ዋጋ የማያውቅ ልጅ የወረሰውን በከንቱ ይሸጠዋልና። ሁለተኛ፥ በተወለዳችሁበት ቀን አትታበዩ። መወለድን እናንተ አልሠራችሁትም፤ እግዚአብሔር ሰጠ፥ እናት በምጥ ከፈለች። በልደታችሁ ቀን ስጦታ ከመጠበቅ ይልቅ እናታችሁን እጅ ነሥታችሁ አመስግኑ።

የዛሬው ቀን በወሩ መቍጠሪያ ላይ የቅዱስ ስም አለው፤ የእናንተ ሥራ ግን ገና አልተጻፈበትም። ቃሉን አጥርቶ ያነበበ፥ ለደከመ ሰው ውሃ ያቀበለ፥ ተበድሎም እጁን የሰበሰበ ልጅ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይህን ቀን መልካም ቀን ያደርገዋል።