ያዘነ ሰው ይስቃል

ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ይህን አይቷል። ቀን ደረቱን ሲደቃ የዋለው ሐዘንተኛ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት አጠገብ ይቀመጣል። አንዱ ስለ ሟቹ የቆየ ጨዋታ ያነሣል። ሐዘንተኛው ሳያስበው ከት ብሎ ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ እንባው ይመለሳል። ንፍሮውን "አልበላም" ይላል፣ "አፈር ስሆን" ሲሉት ይቀምሳል፣ ቡናውም ይጥመዋል።

ወዳጆቼ ስለ ድባቴ ሲጠይቁኝ የምጀምረው ከዚህ ሳቅ ነው። ብዙዎቻችን ልዩነቱ የመጠን ይመስለናል፤ ሐዘን አንድ ኩባያ ከሆነ ድባቴ አንድ እንስራ። እንዲያ አይደለም። እናቱ የሞተችበት ሰው ሕመሙ ከየትኛውም ድባቴ ሊከብድ ይችላል። ሆኖም የመደሰት ችሎታው አብሮት አለ። ፎቶ ሲያይ ይብስበታል፣ ዘመድ ሲያቅፈው ቀለል ይለዋል፤ ሐዘኑ ይመጣል፣ ይሄዳል። ድባቴ የያዘውን ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ክፉም ደግም አይነካውም። ልጁ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ስታሳየው "ጎበዝ" ይላል፤ ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል፤ ደስታው ግን አይመጣም። "ምነው ማልቀስ እንኳ በቻልኩ" የሚሉ ሕመምተኞች አሉ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለድባቴ 9 ምልክቶች ይዘረዝራል። ከእነርሱ ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት ያህል፣ በየቀኑ በሚባል ሁኔታ፣ መታየት አለባቸው። አንዱ የግድ የተጫነ ስሜት ወይም ለማንኛውም ነገር ፍላጎት ማጣት መሆን ይኖርበታል። "ወይም" የምትለዋን አትለፏት! ፍላጎቱ ከጠፋ ሌሎቹ ምልክቶች ተጨምረው፣ አንድ ሰው "አዝኛለሁ" ሳይል ድባቴ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። የቀሩት ከእንቅልፍ፣ ከምግብ፣ ከድካም፣ ከእንቅስቃሴ፣ ከሐሳብ መበታተን፣ ራስን ከመኮነንና ከሞት ሐሳብ ጋር የተያያዙ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው "ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል" እያለ ነው።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ድርሰቱ ሌላ ምልክት አሳይቷል። ሐዘንተኛው የሚያማርረው ያጣውን ነገር ነው። ድባቴ የያዘው ግን ፍርዱን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ከንቱ ነኝ፣ ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ ይላል። ከፍሮይድ ትምህርት ብዙው ዛሬ ቢቀርም ይህ አስተውሎቱ አሁንም ይሠራል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከእርሱ 1500 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የታየው ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ሰውን የሚፈታተኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲቆጥር ሐዘንን ለብቻው፣ አኬዲያ ያለውን ደግሞ ለብቻው አስቀመጠ። አኬዲያን በዳዊት መዝሙር ከተጠቀሰው የቀትር ጋኔን ጋር አገናኘው። የተያዘው መነኩሴ ፀሐይዋ አልንቀሳቀስ ትለዋለች፣ በኣቱንም የእጁንም ሥራ ይጠላል። አኬዲያ ዛሬ ድባቴ የምንለው ራሱ ነው አልልም። ነገር ግን ማዘን ሌላ፣ ነፍስ ለሁሉም ነገር መዛሏ ሌላ መሆኑን ያ ሰው አይቶታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን ሲያሻሽል ሁለቱ ተደባለቁ፤ ኋላም በምዕራቡ ዓለም አኬዲያ ስንፍና ተብሎ ከሰባቱ ታላላቅ ኃጢአቶች አንዱ ሆነ።

የዛለን ሰው ሰነፍ ማለት ከዚያ ወዲህ አልቀረም። ሃይማኖተኛው "ጸሎት ብታዘወትር፣ ተመስገን ብትል" ይላል። ሃይማኖት የሌለውም አይሻልም፤ "ጠንከር በል፣ በጎ በጎውን አስብ፣ ስፖርት ሥራ" ይላል። አንደኛው እምነት ጎደለህ፣ ሌላኛው ፈቃድ ጎደለህ እያለ ነው፤ ሁለቱም ሕመምን ምግባር አድርገው ይፈርዱበታል። ድባቴ የሚነጥቀው ደግሞ ያንኑ የመነሣት፣ የመፈለግ፣ የመጸለይ ኃይል ነው። ራሱን ሲኮንን የዋለን ሰው እኛም ብንኮንነው ሕመሙን አገዝነው እንጂ አላዳንነውም። እዚህ ላይ ምእመኑም የማያምነውም አለመኮነን የሚል አንድ ግዴታ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

የሐዘንና የድባቴ ድንበር ግን በምላጭ የተቆረጠ እንዳይመስላችሁ። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በለንደን የካምበርዌል ሴቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት ከባድ ማጣትና ችግር ድባቴን ይቀሰቅሳል፤ ምስጢሯን የምታካፍለው የቅርብ ሰው ያላት ሴት ደግሞ ይበልጥ ትቋቋመዋለች። ስለዚህ ሐዘን ራሱ ወደ ድባቴ ሊለወጥ ይችላል። ሐኪሞችም ተከራክረውበታል። የአሜሪካው መመሪያ ለረጅም ጊዜ በቅርቡ ሰው የሞተበትን ከድባቴ ምርመራ ሲያወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያን ገደብ አነሣ። ተቃዋሚዎች "ተራ ሐዘንን በሽታ አደረጋችሁት" አሉ። እኔ ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም ሰው የሞተበትን ሁሉ ሐዘን ነው፣ ያልፋል ብሎ መተው በእውነት የታመመውን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ መመሪያው የተራዘመ ሐዘንን ለብቻው ሲጨምር ለአዋቂዎች ቢያንስ 12 ወር አስቀመጠ። ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያሉ ለሐዘን ጊዜ የመደቡት አባቶቻችን ቢሰሙት ባልገረማቸው። ለድባቴ ግን ድንኳን አይተከልም፤ እድርተኛም ወንበር አይሸከምለትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምርመራ፤ የእንቅርት ዕጢ መዳከምና የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ያመጣሉ። የድባቴ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ በሦስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ መጣል ያሳዝናል። የንግግር ሕክምናም ይሠራል። ሐኪም ብቻ አይደለም የሚረዳው፤ ዚምባብዌያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያዳምጡ አድርጓል፤ ውጤቱም በጥናት ተረጋግጧል።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ ደግሞ ፍላጎት እስኪመጣ አለመጠበቅን የሚያስተምረው ነው፤ ትንሽ ሥራ ይቀድማል፣ ፍላጎት ቀስ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ ለታመመው ወዳጃችሁ "ሲሻልህ ደውልልኝ" አትበሉት። "ነገ በ11 ሰዓት መጥቼ እስከ መንገዱ ድረስ አብረን እንሄዳለን" በሉትና ሂዱ። ስለ ሞት እያሰበ መሆኑን ከጠረጠራችሁም በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። "አዎ" ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደሚቀርባችሁ ጤና ተቋም አብራችሁት ሂዱ።