«ዉፈር»ን ስለ መሰየም፤ ከቆዩ የአዳራሽ ስፒከሮች የተገኙ ጥቂት ቃላት

«ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስያሜ በአማርኛ ለሦስት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ሲነገር ይሰማል፤ ተናጋሪው ለሚይዘው ማይክሮፎን፣ የኤሌክትሪኩን ሞገድ ለሚያጎለብተው አምፕሊፋየርና ድምፁን ወደ አዳራሹ ለሚያወጣው ስፒከር። በከተማ ንግግርም ትልልቁ ስፒከር፣ የማንም ሥሪት ቢሆን፣ በአንድ የኢጣሊያ አምራች ስም «ሞንታርቦ» ይባላል። ለዕለት ንግግር ይህ አያውክም። የቆየ ስፒከር መጠገኛ መመሪያ ለሚተረጉም ሰው ግን የአንድ ቃል ስሕተት መሣሪያ እስከ ማቃጠል ሊያደርስ ይችላል።

እንግሊዝኛው «ዉፈር» ያለው ከውሻ ጩኸት፣ «ትዊተር» ያለው ከወፍ ጫጫታ ወስዶ ነው። እኛ እንስሳቱን መከተል አያስፈልገንም። «የዝቅተኛ ድምፅ ስፒከር» ማለትም አሻሚ ነው፤ የማይጮኽ ድምፅም ዝቅተኛ ይባላልና። ቋንቋችን ለዚህ የራሱ ልዩነት አለው፤ የበገና ድምፅ በቀስታ ቢደረደርም ወፍራም ነው፣ የሕፃን ድምፅ ቢጮኽም ቀጭን ነው። ስለዚህ «የወፍራም ድምፅ ስፒከር» የሚለው በእኛ አስተያየት የተሻለ ነው።

ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ከቁጥሩ ይጀምራል። በአንድ አሮጌ የአሜሪካ ስፒከር ክፈፍ ላይ 220813 ተጽፎ ቢገኝ፣ 220 የጄንሰን መለያ፣ 8 የዓመቱ መጨረሻ አሐዝ፣ 13 ሳምንቱ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1958 ወይም 1968 ሊሆን ስለሚችል የማግኔቱንም ዓይነት ማየት ያሻል። በአልቴክ ላንሲንግ 515-8ጂ እና 515-16ጂ ላይ ደግሞ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ኢምፒዳንሱን በኦም ያመለክታል፤ ይህን እንደ ትርፍ ቆጥሮ የዘለለ ተርጓሚ አንባቢውን የማይስማማ ዕቃ ያስገዛዋል። ኢምፒዳንስንና ሬዚስታንስንም በአንድነት «ተቃውሞ» ብሎ መተርጎም አይገባም። ባለ 8 ኦም ስፒከር በመለኪያ ሲታይ 6 ኦም ገደማ ያሳያል፤ ሁለቱ ቃላት ካልተለዩ አንባቢው ደኅናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚያከራክረው የሳጥኑ ጉዳይ ነው። አልበርት ቱራስ እ.ኤ.አ. በ1932 ፓተንት ባገኘበት ዘዴ፣ ሳጥኑ ቀዳዳ ወይም ቱቦ ይበጅለትና የውስጡ አየር፣ በጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚሆነው፣ በአንድ በታወቀ ሞገድ ይርገበገባል። (ለዚህ ቀዳዳ ከመዝገበ ቃላት የሚገኘው «ወደብ» ለመርከብ ይቆይ፤ «የአየር መውጫ» ይበቃል።) ቱቦው ሲረዝም ሞገዱ ይወርዳል፤ ሲሰፋ ይወጣል፤ ሳጥኑ ሲተልቅ ደግሞ ይወርዳል። ስሌቱን አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ በሚገባ አደራጅቶታል።

ይህን ሥራ «ማስተካከል» ያልነው እንደሆነ አንባቢው ወደ አምፕሊፋየሩ መዘወሪያ ይሄዳል። «መቃኘት» ይሻላል፤ ክራር ሲቃኝ የክሩ ውጥረት ተለውጦ የተወሰነ ድምፅ እንደሚገኝ ሁሉ፣ እዚህም የቱቦው ልክ ተለውጦ የተወሰነ ሞገድ ይገኛልና። «ሳጥኑ በ40 ኸርዝ ተቃኝቷል» ቢባል ትርጉሙ ግልጽ ነው። በተቃኘበት ሞገድ ሾጣጣው ወረቀት እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ድምፁ በአብዛኛው ከአየር መውጫው ይወጣል። ከዚያ በታች ግን አየሩ መደገፉን ስለሚተው ወረቀቱ ከልክ በላይ ይወራጫል፣ ጥቅሉም ይጎዳል። ስለዚህ በአሮጌ ሳጥን ውስጥ ሌላ ዓይነት ስፒከር የሚተካ ባለሙያ መመሪያው «እንደገና ይቃኝ» ሲለው ሜትርና መጋዝ ማንሣት እንዳለበት ከቃሉ ሊረዳ ይገባል።