ቤተ ሰብን ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ስለ መጓዝ

የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ ሲደርስ ልጆቹን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ማሰቡ አይቀርም። የሚበዛው ሰው ወደ ዘመድ ቤት ወይም ወደ ሐይቅ ዳር ይሄዳል፤ ይህም ደግ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ጥቂት ራቅ ስላለ ስፍራ፥ ይኸውም ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፥ ማልዶ የተነሣ መንገደኛ ሳይመሽ ሊደርስ ይችላል። ከመነሣት አስቀድሞ ግን የመንገዱን ጸጥታና ሁኔታ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

መንገዱ ከሞጆ በኋላ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አጠገብ ያልፍና ሻሸመኔ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፥ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ዲንሾ ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ ጋይሳይ የሚባለውን የሣር ሜዳ ያቋርጣል፤ አሽከርካሪውም ፍጥነቱን መቀነስ የሚገባው እዚህ ነው። በጠዋትና ወደ ማታ የደጋ አጋዘን በመንጋ ሆኖ ከመንገዱ አጠገብ ይግጣልና። ወንዱ በጠመዘዙ ቀንዶቹ ይታወቃል፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። የአውሮፓ ሊቃውንት ስም አውጥተው የመዘገቡት እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ሲሆን፥ የባሌ ሰው ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ያውቀው እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም።

በማግስቱ በሮቤና በጎባ አልፎ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ የለመደ ቢሆንም፥ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ፥ አምባው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ10 እጅ 6 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪናው ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ልጆችም ራሳቸውን ሊያማቸውና ሊያቅለሸልሻቸው ይችላል። ሕመሙ ከጠና ፈጥኖ ወደ ቆላው መውረድ እንጂ ይለፍላቸው ብሎ እዚያው መቆየት አይገባም። በበጋ ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ብርድ፥ ቀኑም ፊት የሚልጥ ፀሐይ ነው።

ከተሜ ወደ ዱር ሲሄድ የሚመኘው አንበሳና ዝሆን ማየት ነው። የሳነቴ ባለጸግነት ግን ከመሬት በታች ነው። በዚያ ሜዳ እልፍ ጉድጓድ ይታያል፤ የጉድጓዶቹ ባለቤቶች አይጦችና በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ናቸው። ፍልፈሉ ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፥ ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ የተቀመጡ እንስሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች ይኖራል፤ ሲርበው አንገቱን ብቅ አድርጎ በአጠገቡ ያለውን ሣር እየነጨ ይጎትትና ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በዚህች አጭር ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጉድጓዱ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ያደባል፥ በሆዱም እየተሳበ ይቀርባል፤ ፍልፈሉ ብቅ ሲል ይወረወርበታል። ልጆች በመኪና መስኮት ይህን ለማየት ከታደሉ፥ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የመቀመጥን ጥቅም ከማንኛውም ትምህርት ቤት ይልቅ ይረዱታል።

ቀይ ቀበሮ፥ ቀበሮ ይባል እንጂ የቅርብ ዝምድናው ከተኩላ ጋር ነው። የሚኖረው በቤተ ሰብ ነው፤ አደኑን ለየብቻው ቢያደርግም፥ ግልገሎቹን ግን መላው ቤተ ሰብ ይመግባቸዋል። በዓለም ያሉት አዋቂዎቹ በሙሉ 500 ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ሲሆኑ፥ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይገኛሉ።

ይህን ያህል ጥቂት የሆነውን አውሬ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ጠላት የውሻ በሽታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ገብቶ፥ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡትን ፈጅቷል። በ2003፥ ቀጥሎም በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቷል። ቀበሮዎቹ በመተሻሸትና አብረው በመኖር የሚዋደዱ ስለሆኑ፥ አንዱ የታመመ እንደ ሆነ በሽታው መላውን ቤተ ሰብ ያዳርሳል። ለዚህም ሲባል የአካባቢው ውሾች ይከተባሉ፤ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተሰወረ ክትባት እየተሰጠ ነው።

እንግዲህ የቤት ውሻውን ለልጆች ደስታ ሲል በመኪና ጭኖ ወደዚያ የሚሄድ ሰው፥ ሳያስበው ምን ይዞ እንደሚሄድ ይገመት። የምሳ ትራፊ መወርወርም እንዲሁ ነው፤ የሰው ምግብ የቀመሰ አውሬ መንገድ ዳር መጠበቅን ይለምዳል፥ መንገድ ዳር የለመደውን ደግሞ መኪና ይደርስበታል። በአምባው ላይ መንገዱ ቀና ስለሆነ መፍጠን ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ቀበሮው መንገዱን የሚያቋርጠው በቀን ነውና፥ በቀስታ መንዳት ያሻል። እንዲያውም በቀስታ የሚነዳው ነው አብዛኛውን የሚያየው።

በአምባው ላይ ጅብራ እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ይህ ተክል ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም ከዚያው ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በድንገት ወደ ሐረና ደን ያዘቀዝቃል፤ አስታው ያልፍና በሽበት የተሸፈነ የሚመስል ዛፍ፥ ቀርከሃ፥ ዝቅ ሲልም ያልተተከለ የዱር ቡና ይመጣል። ጉሬዛ በቅርንጫፍ ላይ ሲዘል ልጆች ብርዱን ይረሳሉ። ከነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች እስከ ሶማልያ ድረስ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መጠጥ ናቸው። ፓርኩ በ2023 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፥ ይህ ሁሉ የተለያየ የተፈጥሮ ሀብት በአንድነት መገኘቱ ከግምት ገብቶለታል።

ነዳጅ በሮቤ ወይም በጎባ መሙላት ይገባል። ከሐረና ወደ ጎባ ለመመለስ ያንኑ አምባ ዳግመኛ መውጣት ግድ ስለሆነ፥ ጉም ሳይወርድና ሳይመሽ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መመለሻውን መጀመር ይበጃል።