ታማኝ መካኒክ በምን ይታወቃል?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለቄስ ብቻ አይደለም፤ ለመካኒክም ይሠራል። ቱርቦ ያለው ፈጣን መኪና የያዙ ጓደኞቻችን «ታማኝ መካኒክ ወዴት ይገኛል?» ይሉናል። መለያው ሦስት ነው እንላለን።

አንደኛ፤ ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። ቱርቦ በጭስ ግፊት በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ፣ ሕይወቱም በዘይት የሆነ መሣሪያ ነው። የዘይቱን ዓይነትና የተለወጠበትን ጊዜ ሳይጠይቅ «አዲስ ቱርቦ ግዛ» የሚል ሰው ገንዘባችንን ያስጨርሰናል፤ አሮጌውን የገደለው የተደፈነ የዘይት መስመር ከሆነ አዲሱንም ይገድለዋልና።

ሁለተኛ፤ የአገሩን አየር ያውቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦውም አብዝቶ ይደክማል። ጉልበት አነሰ ብሎ ሳይለካ ግፊት የሚጨምር ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ዋጋውን አስቀድሞ ይጽፋል፤ ያወጣውንም አሮጌ ዕቃ ያስረክባል።

ከሁሉም በላይ «ይህን አልሠራሁም፤ የሚያውቅ ላሳይህ» የሚለውን አንልቀቀው። ስንፈትነውም መጀመሪያ ዘይት በማስለወጥ ይሁን፤ ሞተር በማስፈታት አይሁን።