ወረንጦ ለያዙ እናቶች

ባለፈው ዓመት በሥራዬ ምክንያት በሃዳር ጋኒም ቤት ለቤት ስዞር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ገባሁ። ወደ አገሩ ከገቡ ገና አራት ወራቸው ነበር። የሄድኩት ስለ ቤት ኪራይ ወረቀት ልነጋገር ነው። ቡናው እስኪፈላ ግን ወደ መስኮቱ ዞር አሉና ትንሽ መስታወት በግራ እጃቸው ይዘው፣ ከመቀነታቸው ጫፍ በፈቱት ወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ይነቅሉ ጀመር።

«እምየ፣ ዓይንዎን ምን ሆነው ነው?»

«ፀጉር ነው ልጄ። እየወጋ አላስቀምጥ ይለኛል። ነገ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ ዓይኔን አጽድቼ ልሂድ ብዬ እኮ ነው።»

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ውድ አንባቢያንን አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ገጠር ልመልሳችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁለት ሳምንት ዕረፍቴን ይዤ፣ የዓይን በሽታን ለመከላከል ከሚዘምት የሕክምና ቡድን ጋር በበጎ ፈቃድ ወደዚያ ሄጄ ነበር። መኪናው መንገዱ እስካለቀበት አደረሰን፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ በአህያ፣ እኛ በእግር። ሐኪም ስላልሆንኩ የተሰጠኝ ሥራ ስም መመዝገብ ነበር። መድኃኒቱ የሚታደለው በክብደት ሳይሆን በቁመት ነው። ልጁ ምልክት ካለው ዘንግ አጠገብ ይቆማል፤ ስንት ኪኒን እንደሚገባው ዘንጉ ይናገራል። ሚዛን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ቀረ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ዘመቻውን የተሸከሙት እንደ እኔ ያሉት እንግዶች አልነበሩም፤ የቀበሌው መምህራን፣ ገበሬዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ልጆች ነበሩ።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት ስፍራዎች አንዱ ነው። የካርተር ማዕከልና የላየንስ ክለብ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተውበታል፤ ከ2008 ጀምሮም ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ የሚዋጋ የዘመቻ ሳምንት ሲካሄድ ቆይቷል።

በሽታው በእጅ፣ በጋራ መጥረጊያ ጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰላል፤ ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ዝም ከተባለ ያሳውራል። ልጅ የሚያሳድጉት እናቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይጎዳል።

አንድ ቀን ለቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ሴቶችን ሲመረምር አጠገቡ ነበርኩ። ዓይናቸውን ከማየቱ በፊት «ወረንጦ የያዘች አለች?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ ተሳሳቁ፤ ከዚያ መቀነት ይፈታ ጀመር። በኋላ ምክንያቱን ነገረኝ፦ ፀጉሩን ነቅላ የመጣች ሴት ዓይኗ ደህና ይመስላል፤ ሕመሙ ግን አለ።

እንግዲህ እዚህ አገር ይህን የሚጠይቅ የለም። ወጣቱ ሐኪም ትራኮማን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ይሆናል። ይህች አገር ግን ለበሽታው እንግዳ አይደለችም፤ በ1913 ሃዳሳ ከአሜሪካ የላከቻቸው ሮዝ ካፕላንና ሬቸል ላንዲ የተባሉ ነርሶች በኢየሩሳሌም ትራኮማን ይዋጉ ነበር። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዓይን የሚወጋ ፀጉር ያላችሁ ቁፓት ሆሊም ስትሄዱ «ሪሲም ኒክናሲም ሊ ላዓይን» በሉ፤ ሽፋሽፍት ወደ ዓይኔ ይገባል ማለት ነው። ለቀጠሮው ብላችሁ አትንቀሉ። ሕመሙ አላስችል ብሏችሁ ከነቀላችሁም ወረንጦውን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ቀዶ ሕክምናው ትንሽ ነው፤ ቆቡ ይደነዝዛል፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባል። የጠፋ ብርሃን አይመልስም፤ ፀጉሩም አንዳንዴ ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። የቀረውን ብርሃን ግን ያተርፋል።

በማግሥቱ እናታችንን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ አየቻቸውና ምንም አልታያትም። «እምየ፣ ያሳዩአት» አልኳቸው። መቀነታቸውን ፈቱ። ሐኪሟ ወረንጦውን ተቀብላ ትንሽ ዝም አለችና መብራቱን አስጠግታ እንደገና ተመለከተች፤ ወደ ዓይን ሐኪም የሚልከውን ወረቀትም ጻፈች።

አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ታክሟል። ወረንጦውን ግን አልጣሉትም። ስጠይቃቸው «እሾህ ሲወጋ ይሆነኛል» አሉኝ። በሃዳር ጋኒም አስፋልት ላይ እሾህ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።