የልብ ዝግጅትና የውስጥ ሰላም

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ አገር፣ መፋዛ የሚባል ስፍራ አለ። «መፋዛ» በዐረብኛ ውሃ የሌለበት ምድረ በዳ ማለት ሲሆን፣ የቃሉ ሥር ግን መዳንንና ድል ማግኘትን ያመለክታል። አስፈሪውን በረሓ እንዲህ በመልካም ስም መጥራታቸው መንገደኛው በደኅና እንዲሻገር ከመመኘት የተነሣ ነው ይባላል። ክርስቲያን በሕይወቱ የሚያጋጥመውም ምድረ በዳ እንደዚሁ ነው፤ ያልተዘጋጀ ልብ ይጠፋበታል፤ የተዘጋጀ ልብ ይድንበታል።

ለዚህ ነገር ከታሪካችን አንድ ምስክር እንጥራ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን የወንጌል ሚሲዮን ተምሮም በ1872 ተጠመቀ። በ1881 ወንጌልን ለወገኖቹ ለማድረስ ከጓደኞቹ ጋራ በሱዳን በኩል ተነሣ። በጥቁር ዓባይ ዳር እስከ ፋማካ ከደረሱ በኋላ ግን መንገዱ ተዘጋባቸው፤ በንዳድም ታመው ተመለሱ፤ የጉዞው መሪ ሞተ። በኋላ በሸዋ በኩል የተደረገውም ሙከራ አልተቃናም።

እንዲህ ያለ ሰው ተስፋ ቈርጦ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን በሩ እስኪከፈት ድረስ ይዞት የሚገባውን ስጦታ ሲያሰናዳ ቈየ። እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትን በመሰብሰብ እየረዳችው፣ አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በ1899 በኦሮምኛ አሳተመ። ነቀምቴ የገባው በ1904፣ ከመጀመሪያው ጉዞ 23 ዓመት በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት ባዶ እጁን አልነበረም።

እንግዲህ የውስጥ ሰላም ማለት መከራ አለመኖር አይደለም። በ2020 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚያው በገዳሪፍ አገር በኡም ራኩባ ሰፈሩ። በጥር 2021 የጌታን ልደት በስደተኞች ሰፈር ውስጥ አከበሩ። ቤታቸውን ጥለው ቢመጡም በዓሉን አልጣሉትም። ኀዘናቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ኀዘን ጸሎትን ሊከለክላቸው አልቻለም።

እኛም ዝውውርን፣ ፈውስን ወይም የራቀ ዘመድን የምንጠባበቅ ሁሉ ሦስት ነገር እንያዝ። ጸሎት ልብን ከሁከት ያሳርፋል፤ ይቅርታ የቂምን ሸክም ያወርዳል፤ ሥራም ተስፋን ከከንቱ ምኞት ይለያል። ማታ ከመተኛታችን በፊት «ነገ በሩ ቢከፈት ምን ይዤ እገባለሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።